ቀላል ጠመንጃና የመጀመሪያዋ ጥይት

ዩቲዩብ ላይ ስለ ቀላል የአደን ጠመንጃ የሚሰራ ቪዲዮ ሁሉ አንድ አይነት ነው። ሰውየው ጠረጴዛ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይደረድራል፣ ጠመንጃውን ደልደል አርጎ ያስቀምጣል፣ ሦስት ጥይት ይተኩስና ሦስቱም የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ሲያርፉ ካሜራውን አስጠግቶ ያሳየናል፣ ከዛ "ሁለት ኪሎ ምናምን ብቻ ነው ሚመዝነው፣ እዩት" ይላል። እኔ ይሄን ባየሁ ቁጥር አራተኛዋስ የት ገባች እላለሁ። ከሷም በላይ ደሞ ነገ ጠዋት፣ አፈሙዙ ቀዝቅዞ ባደረበት፣ ሰውየው ዳገት ወጥቶ እያለከለከ፣ ለዛች ለመጀመሪያዋ ጥይት ምን ዋስትና አለው? አደን ላይ ሦስት ጥይት የሚሰጥህ እንስሳ የለም እኮ። አንድ ነው የምታገኘው፣ እሱንም ካገኘህ።

መቼም ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ አደን ጠመንጃ መዘብዘብ ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። ስራዬ ስለነበረ ነው። ለአደን ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን ይዞ የሚወጣ ድርጅት ውስጥ ሹፌርም የካምፕ ረዳትም ሆኜ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ አንዴ ወደ አፍደምና ገዋኔ በረሃ፣ አንዴ ደሞ ወደ አርሲና ባሌ ደጋ። እዚህ አገር እንደው ተነስቶ ጠመንጃ አንግቶ ማደን የሚባል ነገር የለም፣ ፈቃዱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው ሚወጣው፣ የሚታደነው እንስሳ በኮታ ነው፣ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ አዳኝ አብሮ ይሄዳል፣ እንግዳው ይዞት የገባው መሳሪያም ተመዝግቦ ገብቶ ተመዝግቦ ነው ሚወጣው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1177 ደሞ የመሳሪያ ነገር ላይ ጠበቅ ያለ ነው። ስለዚህ እኔ ተኳሽ አልነበርኩም። የኔ ድርሻ ካርቶን መትከል ነበር።

ካርቶን መትከል ማለት እንዲህ ነው። እንግዳው ካምፕ እንደደረሰ ጠመንጃው በአውሮፕላን ስንት ቦታ ተወርውሮ ስለሚመጣ ዜሮው፣ ማለትም ማነጣጠሪያ መነጽሩ (ስኮፑ) የሚያሳየውና ጥይቷ የምታርፍበት ቦታ መገጣጠሙ፣ እንዳለ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። 100 ሜትር በሜትር ተለክቶ የቢራ ካርቶን ይተከላል፣ መሀሉ ላይ በእስክሪብቶ የተቀለመ ክብ አለ፣ እኔ ከእንግዳው ጎን በትሪፖድ ላይ በቆመ መነጽር እያየሁ "ሁለት ጣት ወደ ግራ፣ አንድ ጣት ወደ ላይ" እላለሁ። ሲያልቅ ካርቶኑን ነቅዬ አመጣለሁ። ይሄ ስራ ሲታይ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ተኳሽ የራሱን ጠመንጃ ብቻ ሲያይ እኔ የስንቱን ሰው ጠመንጃ፣ ያውም የመጀመሪያዋን ጥይት፣ ማንም ሳይዘጋጅባት ለማየት በቅቻለሁ።

ቀላል ጠመንጃ ለምን እንደተወደደ ለመረዳት ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ደንገጎን በእግሩ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ደጋ አጋዘን ፍለጋ ግን ሌላ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ሚገኘው፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሙሉ ቀን ጋራ ለጋራ ነው። አራት ኪሎ ተኩል የሚሆን ጠመንጃ ከነስኮፑ አንግቶ ከንጋት እስከ ምሽት የሄደ ሰው ማታ ላይ "ምነው ይሄን ብረት ባልያዝኩት" ይላል። አጎቴ ጋራ ሙለታ በኩል ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለው አሮጌ ቤልጅግ አለ፣ ፈቃድ ያለው፣ አራት ኪሎ የሚጠጋ፣ እሱን ተሸክሞ ገበያ ደርሶ መመለስ እራሱን የቻለ ስራ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ክብደት ለመቀነስ መሯሯጣቸው አይገርምም።

የመቀነሱ ታሪክ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዊንችስተር እ.ኤ.አ. በ1952 ሞዴል 70 ፌዘርዌት ብሎ ያወጣው 3 ኪሎ አካባቢ ነበር፣ በዛ ዘመን ላባ ነው የተባለው። ሬሚንግተን በ1986 ማውንቴን ራይፍል ብሎ ሞዴል 700ን አቀጠነው። በነዛው 80ዎቹ ውስጥ ሜልቪን ፎርብስ የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ሰደፉን ኬቭላር ከሚባል ቀላልና ጠንካራ ክር ሰርቶ ሙሉ ጠመንጃውን 2.3 ኪሎ አካባቢ አደረሰው። ቲካ ቲ3 በ2003 መጣ፣ ላይት የሚሉት ከ3 ኪሎ በታች ነው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ሲተያይ ሰው የሚችለው ነው። ኪምበር ደሞ ማውንቴን አሴንት ብሎ 2.2 ኪሎ ድረስ ወርዷል። ይሄ ሁሉ ያለ ስኮፕ ነው ታዲያ፣ ስኮፕ፣ ማያያዣ፣ ማንገቻና ጥይት ሲጨመር ግማሽ ኪሎ አልፎም ከዛ በላይ ይወጣል፣ ይሄን ማስታወቂያው ላይ አይነግሩህም።

እነዚህ ሁሉ ቦልት አክሽን የሚባሉት፣ ቦልቱ በእጅ እየተሳበ የሚጎርሱ ናቸው፣ እኛ አካባቢ ደሞ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ይሄንንም ልበል። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዩ ግራ እ.ኤ.አ. የ1874 ስሪት ነው፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ቦልቱ በእጅ የሚሳብ፣ ከአራት ኪሎ በላይ። ሐረር የዚህ ሁሉ መሳሪያ መተላለፊያ ነበረች። ገጣሚው ራምቦ እራሱ፣ ሐረር በነጋዴነት ኖሮ፣ በ1886 መጨረሻ ላይ ከታጁራ ተነስቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ያኔውኑ ያረጀ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ወጣ፣ እሱ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ሐረርን የያዙበት ወቅት ነበር፣ በመጨረሻም የጠበቀውን ያህል ገንዘብ አላገኘም። ሐረር ስሄድ የድሮ መሳሪያ ባየሁ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ያኔ ክብደት ማንም አላማረረም፣ ግመል ነበራ።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቀጭን አፈሙዝ በባህሪው ሳች ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ጥሩ ተቆፍሮ ጥሩ ከተገጠመ ቀጭንም ሆነ ወፍራም የመጀመሪያዋን ጥይት እኩል ያስቀምጣታል። ልዩነቱ ጥንካሬው ላይ ነው። የብረት ዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ደረጃ ነው ሚሄደው፣ ማለትም ጫፉ ላይ 17 ሚሊ ሜትር የነበረውን አፈሙዝ 14 ብታረገው በአይን ሲታይ ምንም አይደለም፣ ጥንካሬው ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። በርዝመት ደሞ በተቃራኒው ነው፣ 61 ሴንቲ የነበረውን 51 ላይ ብትቆርጠው 70 ፐርሰንት አካባቢ ይጠነክራል። ለዚህ ነው አጭር ቀጭን አፈሙዝ ረጅም ቀጭን አፈሙዝን የሚያስከነዳው። ፍጥነት ትንሽ ትቀንሳለህ፣ በዛ ርዝመት ልዩነት ምናልባት በሰከንድ 30 ሜትር ቢሆን ነው፣ በ200 ሜትር የቆመ አምበራይሌ ይሄን አያውቀውም።

ችግሩ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ቀጭን ብረት ቶሎ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደሞ ሲሰራ ውስጡ የቀረ ውጥረት ካለ ይጣመማል፣ እንጨቱን ወይ ፕላስቲኩን የሚነካበት ቦታ ካለም ይገፋዋል። ስለዚህ አንደኛዋ መሀል፣ ሁለተኛዋ መሀል፣ ሦስተኛዋ ትንሽ ከፍ፣ አራተኛዋ ጭራሽ ወደ ቀኝ። ያ አራተኛዋ የት ገባች የምለው ነገር ይሄ ነው። ድሬ ላይ ግንቦት ሰኔ ሲሆን ሙቀቱ 35 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል፣ ፀሀይ ላይ የዋለ አፈሙዝ ሳይተኮስበትም በእጅ አይያዝም፣ ለመቀዝቀዝ የሚፈጅበትን ጊዜ አስቡት። ብዙ እንግዳ እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው፣ ቶሎ ቶሎ ይተኩስና ጠመንጃዬ ዜሮው ጠፋ ብሎ ስኮፑን መነካካት ይጀምራል፣ የነካካው ደሞ ለሞቀ አፈሙዝ ነው፣ ጠዋት ቀዝቃዛው ሌላ ቦታ ይመታል።

ሌላው ነገር ሦስት ጥይት ምን ያህል እንደሚዋሽ ነው። አንድ ጠመንጃ፣ ያው ተኳሽ፣ ምንም ሳይቀየር፣ የአስር ጥይት ግሩፕ፣ ማለትም ጥይቶቹ ያረፉበት ስፋት፣ በአማካይ ከሦስት ጥይት ግሩፕ 1.6 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ይሄ ሒሳብ ነው፣ ጠመንጃው አልተበላሸም። ስለዚህ "የኔው ሁሌ ግማሽ ደቂቃ ነው" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደህና የወጡለትን ሦስቶች እያስታወሰ ነው። ለማያውቅ፣ አንድ የማዕዘን ደቂቃ ማለት በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ነው፣ በ300 ሜትር ወደ 9 ሴንቲ ይጠጋል። የትልቅ ድኩላ ወይ የአጋዘን የልብና የሳንባ ቦታ በሁለት መዳፍ የማይሸፈን ነው። አንድ ደቂቃ ተኩልም ሁለትም ለአደን ይበቃል ማለት ነው፣ እስከ 200 ሜትር ከተባለ ደሞ ይተርፋል። ሰው ግን ለቁጥሯ ነው ሚጨነቀው፣ ለምሳሌ ከ1.2 ወደ 0.8 ለማውረድ ሲል ስንት ገንዘብ ያፈሳል፣ አቦ ለእንስሳው ምን ለውጥ አለው?

አሁን ወደ ትከሻ እንምጣ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ስለሆነ የሚበላሸው። ያው ጥይት፣ ያው ባሩድ፣ ጠመንጃው ከ3.6 ኪሎ ወደ 2.4 ሲወርድ ርግጫው በጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ያለምንም ስሌት ልክ በክብደቱ ተገላቢጦሽ ነው። ከዚህ ላይ ደሞ ሰዉ ለጋራ አደን ብሎ 300 ዊንማግ (ዊንችስተር ማግነም፣ ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት) ያስገጥምበታል።

አንዱን እንግዳ አረሳውም። ግዙፍ ሰው ነው፣ ትከሻው በር የሚያክል፣ ይዞት የመጣው ከስኮፕ ጋር ሦስት ኪሎ እንኳን በቅጡ የማይሞላ 300 ዊንማግ። ካርቶኑን ተከልኩለት። አንደኛዋ የክቡን ጠርዝ ነካች፣ በጣም ጥሩ። ሁለተኛዋ አንድ መዳፍ ወደ ታች ወረደች። ሦስተኛዋ ካርቶኑን ሳትነካ አፈር አስነሳች። ሰውየው ስኮፑን ማየት ጀመረ፣ ብሎኑን ይነካል፣ ቱ ይላል። የኛ አስጎብኚ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ምንም ሳይናገር ጠመንጃውን ተቀበለው፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቦልቱን ሳበ መለሰ፣ መልሶ ሰጠው፣ ተኩስ አለው። ሰውየው አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ፣ ጠቅ! ባዶ ነበር። ግን የአፈሙዙ ጫፍ ቁልቁል ዘለለ፣ ትከሻው ወደፊት ተወረወረ፣ አይኑ ጭፍን አለ፣ ነርስ መርፌ ስታወጣ እንዳየ ህጻን። ሁላችንም አየን፣ እሱም አየ። ጋሼ ወደኔ ዞር ብሎ በአማርኛ "መሳሪያው ደህና ነው ልጄ፣ ትከሻው ነው የፈራ" አለኝ። ከዛ በኋላ ተኩሱ ቆመ፣ ፎጣ ተጣጥፎ ትከሻው ላይ ተደረገ፣ ባዶውን ደጋግሞ እንዲስብ አደረገው፣ አንዳንዴ ጥይት አለው አንዳንዴ የለውም፣ የቱ እንደሆነ አይነግረውም። ከሰዓት ላይ አንድ ተኮሰ፣ መሀል። አንድ ብቻ፣ በቃ ብሎ አስቆመው።

ልብ በሉ እዚህ ላይ፣ የሰውየው ጠመንጃ የመጀመሪያዋ ጥይት ላይ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ላይ ሰውየው የሚመጣውን ስላወቀው ነው። ቀላል ጠመንጃ የሚያስከፍለው ዋጋ እዚህ ጋ ነው።

ርግጫን ተውትና ዝም ብሎ መያዙም ያስቸግራል። ከባድ ጠመንጃ ክብደቱ እራሱ ያረጋጋዋል፣ ልብህ ሲመታ አብሮ አይመታም። ቀላሉ ትንፋሽህን ሁሉ ይከተላል፣ ዳገት ወጥተህ ከሆነ ደሞ የስኮፑ መስቀል እንስሳው ላይ ይጨፍራል። የምላጩ ነገርም አለ፣ ምላጩ ሁለት ኪሎ ጉልበት ከፈለገና ጠመንጃው ራሱ ሁለት ኪሎ ምናምን ከሆነ፣ ስትስበው ጠመንጃውን ነው ምትስበው። ቀላል ጠመንጃ ላይ ምላጩ ከአንድ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከዛ በታች ግን ለበረሃ አልወድም፣ ምክንያቱን ቆይ አመጣዋለሁ። ደሞ ብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲተኩስ የፊቱን እጅ ከስር አውጥቶ ሰደፉ ስር ያረገዋል፣ ከባድ ጠመንጃ ላይ ይሰራል፣ ቀላሉ ግን አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ መዝለል ስለሚጀምር ፊቱን በእጅ ያዝ አርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ይሄን ብቻ አስተካክለው ግሩፓቸው በግማሽ የጠበበላቸውን አይቻለሁ።

አስተማማኝነቱ ላይ ደሞ ሰው የሚያወራው ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም ቪዲዮ ላይ አይታይም። ከድሬ ወጥተህ በኤረር በኩል ወደ አፍደም ስትሄድ አቧራው ዱቄት ነው። ፒስታው ደሞ ሰባራ ሰንጣራ፣ መኪናው ሙሉ ቀን ይንቀጠቀጣል። ይሄ መንቀጥቀጥ ብሎን ይፈታል። ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚያጣብቁት ሁለቱ ብሎኖች ትንሽ ከላሉ ዜሮ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ስኮፕ ማያያዣውም እንደዛው። ብዙ አምራቾች ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው ሚሉት፣ ቀላል ጠመንጃ ላይ ብሎኖቹም አነስ ያሉ ሊሆኑ ስለሚችሉ መጽሐፉን ማየት ያስፈልጋል፣ እንደ ጎማ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ክሩን ይበላዋል። "ጠመንጃዬ ከዳኝ" ካሉኝ እንግዶች ውስጥ ስንቱን በአንድ ትንሽ ቁልፍ ነው ያስታረቅኩት።

አቧራው ደሞ ዘይት ሲያገኝ ጭቃ ነው። አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያለ ሰው ጠመንጃውን በደንብ ዘይት ቀብቶ ይመጣል፣ እሱ ዝገት ነው ሚፈራው፣ እዚህ ዝገት የለም፣ እዚህ ያለው አሸዋ ነው። መጀመሪያ የምናረገው ቦልቱን አውጥተን ዘይቱን በጨርቅ ሙልጭ አርጎ መጥረግ ነው፣ ቦልቱን የሚቆልፉት ጥርሶች ኋላ ላይ ብቻ ጠብታ ግሪስ ይበቃል። አሁን ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ቦልቱ ላይ ቦይ ቦይ እየተፈለፈለ ነው ሚመጣው፣ እንግዳው ያምራል ይላል፣ እኔ ሳየው እያንዳንዱ ቦይ ለአቧራ የተዘጋጀ መጋዘን ነው። ምላጩ ውስጥ የሚገባው አቧራ ነው ክፉው። ምላጩ በጣም ቀላል ተደርጎ ከተስተካከለ የሚያያይዘው ጠርዝ የጸጉር ያህል ነው፣ እዛ ጋ ዘይትና አቧራ ሲጋገር ወይ አይያዝም ወይ ሳትነካው ይለቃል። ለበረሃ ከአንድ ኪሎ በታች አልወድም ያልኩት ለዚህ ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ምላጭ ላይ ተቸግረዋል፣ ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2014 ኤክስማርክ ፕሮ የሚባለውን ምላጭ ሳይሳብ ሊተኮስ ይችላል ብሎ ጠመንጃዎቹን መልሱ ብሎ ጠርቷል። ስለዚህ ጥይት ጎርሶ አጠገቤ የሚሄድ ሰው ከሆነ የቱንም ያህል ውድ ጠመንጃ ቢይዝ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ አያለሁ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቀጥሎ ነው።

ጥይት ማጉረስና ቀለህ ማውጣት ላይ የድሮዎቹ ይበልጣሉ ባይ ነኝ፣ እዚህ ላይ ወገንተኛ ነኝ እሺ። ጳውል ማውዘር በ1898 የጨረሰው ቦልት ጎኑ ላይ ረጅም መንጠቆ አለው፣ ጥይቷ ከካዝናው ስትወጣ ጀምሮ አንገቷን ሳይሆን ቂጧን ይይዛታል፣ እስክትወጣ አይለቃትም። የአጎቴ ቤልጅግ እንደዚህ ነው፣ ስንት ዘመን አልፎበት ዛሬም ቀለህ ይተፋል። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ቦልቱ ጥይቷን ከፊት እየገፋት ይሄድና መጨረሻ ላይ ትንሽ መንጠቆ ጠቅ ብላ ትይዛታለች። ንጹህ ከሆነ ችግር የለውም፣ እንደውም ቲካዎቹ ቦልታቸው ሲሳብ ቅቤ ነው። ግን ሰው ሲደነግጥ ቦልቱን ወደፊት ገፍቶ እስከ መጨረሻ ሳይዘጋው መልሶ ይስበዋል፣ ያኔ አንዷ እዛው አፈሙዙ ውስጥ ባለው የጥይት ቤት ቀርታ ሌላዋ ከኋላ ትገጫታለች፣ ከርከሮው ደሞ በዛች ሰዓት ሄዷል። ኪምበር ቀላሉን ከረጅሙ መንጠቆ ጋር አንድ ላይ ስላረገው አደንቀዋለሁ።

ሙቀት ጥይቱንም ይነካል። አንድ እንግዳ፣ ወጣት ልጅ ነው፣ ጥይቱን ከነፓኮው ዳሽቦርድ ላይ ትቶት ምሳ በላን። መኪናው መስኮቱ ዝግ፣ ፀሀይ ፊት ለፊት። ከሰዓት ከርከሮ ላይ ተኮሰ፣ መታው፣ ከዛ ቦልቱን ሊያነሳ ቢል እምቢ አለ። በመዳፉ ከስር ወደ ላይ ደጋግሞ ሲመታው በግድ ተከፈተ፣ ቀለሁን አንስቼ ሳየው ቂጡ ላይ ያለው ካፕሱል ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ዙሪያው የነበረው ስንጥቅ አይታይም። ግፊቱ ከልክ በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ባሩድ ሲሞቅ በፍጥነት ይነዳል፣ የድሮዎቹ እንግሊዞች ኮርዳይት የሚሉት ባሩድ በጣም በሙቀት ስለሚነካ ለአፍሪካና ለህንድ ትልልቅ ቀለህ እየሰሩ ግፊቱን ዝቅ ያደርጉ ነበር። አሁን ሙቀት ብዙም የማይሰማቸው ባሩዶች አሉ፣ ቫርጌት፣ ኤች 4350 የሚባሉት እንደዛ ናቸው፣ ቢሆንም ጥይት ጥላ ስር፣ ቢቻል እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ነው ሚቀመጠው። ከዛ ቀን ጀምሮ የኔ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ጥይት አይቀመጥም፣ ይቀየመኝ ማንም።

ከበረሃው ወጥተህ ባሌ ስትሄድ ደሞ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ እዛ ከ3,000 በላይ። የአየሩ መሳሳት ሰው እንደሚያወራው አይደለም፣ በ200 ሜትር ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፣ ከ300 ሲያልፍ ነው ጥይቷ ትንሽ ከፍ ማለት የምትጀምረው። የሚያስቸግረው እርጥበቱና ብርዱ ነው። የእንጨት ሰደፍ ድሬ ላይ ደርቆ ተሸብሽቦ ባሌ ዝናብ ላይ ያብጣል፣ ያበጠው እንጨት ቀጭኑን አፈሙዝ ከጎን ይገፋዋል፣ ዜሮው ሳይነካ ይሄዳል። እነ ፎርብስ ኬቭላርን የመረጡት ለክብደት ብቻ አይደለም ለዚህም ነው፣ እንደውም እሱ አፈሙዙን ከሰደፉ ማራራቁን ትቶ ጥብቅ አርጎ ሙሉ ለሙሉ አስተኝቶታል፣ ሁሉም ሰው አፈሙዝ መንሳፈፍ አለበት እያለ እሱ ተቃራኒውን ሰርቶ ጠመንጃዎቹ ጥሩ ይመታሉ። ንጋት ላይ ደሞ ውርጭ ነው፣ ቦልቱ ውስጥ ወፍራም ዘይት ካለ መቺው መርፌ ይዘገያል፣ ካፕሱሉን ይስመዋል እንጂ አይመታውም።

እኔ ብጠየቅ፣ ተጠይቄም አውቃለሁ፣ የምመልሰው ይሄን ነው። ባዶውን ከ2.7 እስከ 3 ኪሎ የሆነ፣ አፈሙዙ ከ51 እስከ 56 ሴንቲ፣ ሰደፉ እንጨት ያልሆነ፣ ጥይቱ 308 ወይም 7 በ57 ወይም 6.5 ክሪድሙር። 2.2 ኪሎውን የምመክረው ጋራ ለጋራ ለሚሄድና ርግጫ ለለመደ ሰው ብቻ ነው፣ በማግነም ግን ለማንም። 7 በ57 ስል የሚስቁ አሉ፣ ያረጀ ነው ይላሉ። ዋልተር ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምዕራብ ኢትዮጵያ ድረስ ዘልቆ ሲያድን ብዙውን ዝሆን የጣለው በዚችው ነው፣ በህይወቱ ከ1,000 በላይ። የሰውየውን ስራ ማድነቄ አይደለም፣ እሱን የመሰሉት ናቸው ዝሆኑን የጨረሱት፣ ዛሬ ባቢሌ መጠለያ ውስጥ ያሉትን ስናይ አንጀት ይበላል። ግን ስለ ጠመንጃ ብቻ ከተወራ፣ ቀላል፣ የማይራገጥ፣ ባለቤቱ የማይፈራው መሳሪያ ምን እንደሚሰራ ማስረጃው እሱ ነው።

የሚሞከርበት መንገድ ደሞ ቀላል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ጠዋት ተነስተህ ቡና ሳትጠጣ በፊት አንድ ጥይት ብቻ፣ ተቀምጠህ ወይ እንጨት ተደግፈህ፣ ጠረጴዛ የለም። በቃ፣ ጠርገህ አስቀምጠው። በማግስቱ እዛው ካርቶን ላይ ሌላ አንድ። እንዲህ እያልክ አስር ጠዋት። ያ አስር ቀዳዳ በአንድ መዳፍ ከተሸፈነ ጠመንጃህም አንተም ደህና ናችሁ፣ ዩቲዩብ የምትለጥፈው ነገር ግን አይደለም፣ አያምርም።

ሊመጣ ያሰበ ካለ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ጥይት እዚህ አገኛለሁ ብለህ አትምጣ፣ አታገኝም። አየር መንገዶች ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ኪሎ ጥይት ነው ሚፈቅዱት፣ ለአደን ይበቃል ይተርፋል። ሁሉም ከአንድ ሎት፣ ማለትም በአንድ ዙር ከተመረተ፣ ይሁን፣ ፓኮው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ሎቱ ሲቀየር ቀጭን አፈሙዝ ቦታ መቀየር ይወዳል። የብሎን ቁልፏን ደሞ ጠመንጃው ሳጥን ውስጥ አስገባት፣ የእጅ ሻንጣህ ላይ ካስቀመጥካት ኤርፖርት ላይ ሊቀሙህ ይችላሉ።